«ተጋዘ» እና «ጠፋ»፤ የኮብላይ ወታደር ድምፅ በሥነ ጽሑፍ

ስለ ግዞት ድርሰቶች ከተማሪዎቼ ጋር በምንወያይበት ጊዜ አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ የተጋዘ ሁሉ ደራሲ ነው እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን መልስ አጣሁ። በእርግጥም በመማሪያችን ውስጥ ስለ ግዞት የሚተርኩልን መኳንንት፣ ዲፕሎማቶችና የተማሩ ሰዎች ናቸው። ከጦሩ ኮብልሎ ተይዞ፣ ተፈርዶበት ወደ ሩቅ አገር የተጫነው ተራ ወታደር ግን ሲወራለት እንጂ ሲያወራ አይሰማም። ይህ አጭር ጽሑፍ ዝምታው ከምን እንደ መጣ ለመመርመር ይሞክራል።

በቅድሚያ ቃላቱን እንመልከት። «ተጋዘ» የሚለው ግሥ ለእህልም ለሰውም ያገለግላል። እህል ይጋዛል፣ ዕቃ ይጋዛል፣ ጥፋተኛም ይጋዛል። በቃሉ ውስጥ ሰውየው ጭነት ነው፤ አድራጊው ሌላ ነው። በአንጻሩ ከጦር የወጣውን ሰው አዛዡ «ከዳ» ወይም «ኮበለለ» ይለዋል፤ ወታደሩ ስለ ራሱ ሲናገር ግን «ጠፋሁ» ይላል። «ከዳ» ጌታ ያለበት፣ ቃል ኪዳን ያለበት ቃል ነው። «ጠፋ» ግን ጌታም ዳኛም የለበትም፤ በሬም ይጠፋል፣ ልጅም ይጠፋል። እንግዲህ በሁለቱ ግሦች መካከል ያለው ርቀት በሁለት ተራኪዎች መካከል ያለው ርቀት ነው።

የፍራንዝ ካፍካ የቅጣት ሠፈር ታሪክ (እ.ኤ.አ. በ1914 ተጽፎ በ1919 የታተመው) ይህን ርቀት አጉልቶ ያሳየናል። ተፈራጁ ወታደር የሻምበሉ አሽከር ነው፤ በየሰዓቱ ተነሥቶ ለበሩ ሰላምታ መስጠት ሲገባው እንቅልፍ ጣለው። ቅጣቱ የጣሰውን ትእዛዝ በገላው ላይ በመርፌ የሚጽፍ መኪና ነው። አንባቢ ብዙውን ጊዜ የሚደነቀው በመኪናው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ሌላ ነገር ነው፤ መኮንኑ ለእንግዳው ተጓዥ ሁሉን የሚያስረዳው በፈረንሳይኛ ሲሆን ተፈራጁ ፈረንሳይኛ አይሰማም። ፍርዱ በፊቱ ይነገራል፣ እሱ ግን አያውቀውም። በመጨረሻም ተጓዡ በጀልባ ሲሄድ ወታደሩና ተፈራጁ እንዳይሳፈሩ በገመድ ያስፈራራቸዋል። ተራኪው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ባለ ታሪኩ እዚያው ይቀራል።

ከዚህ ጋር የአየርላንዱን ጆን ቦይል ኦራይሊን ማነጻጸር ይጠቅማል። በእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ ሳለ በድብቅ ማኅበር አባልነት ምክንያት በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበት፣ እ.ኤ.አ. በ1868 አውስትራሊያ በደረሰችው የመጨረሻዋ የእስረኛ መርከብ ተጋዘ። በመርከቡ ላይ እስረኞቹ በእጅ የሚጻፍ ጋዜጣ አዘጋጁ፤ እሱም አምልጦ አሜሪካ ከገባ በኋላ በ1879 ስለዚያ ሕይወት ልቦለድ አሳተመ። ኦራይሊ የተናገረው ከሌሎቹ ይበልጥ ስለ ተበደለ አይደለም፤ ብዕርና የፈራጆቹ ቋንቋ ስለ ነበረው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከዓድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የተማረኩት የጣሊያን አስካሪዎች እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ካፍካ በምናቡ የፈጠረው፣ ፍርድን በገላ ላይ የመጻፍ ነገር፣ እኛ ዘንድ በእውን ተፈጽሟል። ጣሊያንም በበኩሉ በዳህላክ ደሴቶች ናኩራን የእስረኛ ደሴት አደረገ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ናኩራ፣ ወደ ሶማሊያው ዳናኔና ወደ ጣሊያን ተጋዙ። ከራስ እምሩ ጋር የዘመቱት ሐዲስ ዓለማየሁም ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ሰባት ዓመት ያህል ታስረዋል፤ የጦርነቱን ዘመን በ«ትዝታ» ጽፈውልናል። መጽሐፉ ታላቅ ሰነድ ነው። ሆኖም የራስ እምሩ ጦር ከሽሬ ወደ ኋላ ሲመለስ እየተንጠባጠበ ወደ ቤቱ የሄደው ወታደር የራሱን «ትዝታ» አልጻፈም። ስለ እሱ የምናውቀው እስከ መጨረሻው የጸኑት ሰዎች የነገሩንን ብቻ ነው።

ልዩ ሆኖ የማገኘው የአባ ገብረ ኢየሱስ ኃይሉን የትግርኛ ልቦለድ «ሓደ ዛንታ»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ተጽፎ በ1950 የታተመው ይህ ሥራ፣ ወደ ሊቢያ ተጭኖ የሚሄደውን አስካሪ ቱኳቦን ይከተላል። ቱኳቦ በበረሃው ውሃ ጥም ካለቁት ተርፎ ሲመለስ እናቱ ሞታ ይጠብቀዋል፤ ወታደርነቱንም በልቅሶ ግጥም ይሰናበታል። ደራሲው የተማሩ ካህን ናቸው፤ ነገር ግን መደምደሚያውን ለራሳቸው አላስቀሩም። ተራው ወታደር በሚያውቀው ቅርጽ፣ በልቅሶ፣ እንዲናገር ፈቀዱለት። የልቦለዱ ብልጫ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይህ ነገር ለእኔ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጌዶ ላይ ሳድግ አጎቴ እኛ ቤት ይኖር ነበር። የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ በ1975 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በገበያ ቀን ከታፈሱት ወጣቶች አንዱ ነበር። ከግንባር ጠፋ፣ ተይዞ በመኪና ተጭኖ ተመለሰ፣ ደግሞ ጠፋ። አማርኛ እምብዛም አይሰማም ነበርና የተፈረደበትን ሲያነቡለት የራሱን ስም ብቻ እንደ ለየ አንድ ቀን ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ጦር ከነቀምቴ በኩል በጌዶ አቋርጦ ወደ አምቦ ሲያልፍ፣ አጎቴ ደጅ ቆሞ ለሚያልፈው ሁሉ ውሃ ያቀርብ ነበር። ስለ ጦርነቱ ስንጠይቀው ግን መልሱ በአፋን ኦሮሞ አንድ ቃል ነበር፤ «ባዴ»፣ ጠፋ። ስለ ራሱ ይሁን ስለ ጓደኞቹ አልለየልንም።

ካፍካን ለማስተማር በገባሁ ቁጥር ያ ፈረንሳይኛ የማይሰማ ተፈራጅ በአጎቴ ፊት ይመጣብኛል። የማስተምርበት ቋንቋ ፍርዱ የተነበበበት ቋንቋ መሆኑንም መርሳት አልችልም።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ኮብላይን ጀግና ልታደርግ ነው ወይ?» ይሉኛል። አይደለም። አብሮት የተሰለፈውን ጥሎ የሄደ ሰው ባዶ ያስቀረው ምሽግ አለ፤ በዚያ ምሽግ የሞተም አለ። ከዚህ የተነሣ «ከዳ» የሚለውን ቃል ከመዝገበ ቃላታችን እንፋቅ አልልም። የምለው፣ ሃያሲ አንድ የጦር ወይም የግዞት ድርሰት ሲመዝን ግሡን ማን እንደ መረጠው ይጠይቅ ነው። ለተማሪዬም ዘግይቼ የምሰጣት መልስ ይኸው ነው፤ የተጋዘ ሁሉ ደራሲ አይደለም፤ ስለዚህ የደራሲዎቹን ብቻ ያነበበ ግዞትን ግማሹን ነው ያነበበው። የቀረው ግማሽ በልቅሶ፣ በፉከራና በቤት ውስጥ ወሬ፣ በአማርኛም ከአማርኛ ውጭም፣ ባለቤቶቹ እያለፉ ነው። ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲያጡ ከቤተ መጻሕፍቱ በፊት ወደ አጎቶቻቸው ደጅ ቢሄዱ መልካም ነው። እኔ አልጠየቅሁትም፤ አሁን ደግሞ የለም።