በሸክላ ላይ ስለሚቀረፅ ጭፈራ

የጭፈራ ጠባይ መንቀሳቀስ ነው፤ የሸክላ ጠባይ ደግሞ ባለበት መቆም ነው። እነዚህ የማይስማሙ ሁለት ነገሮች በአንድ ሠሪ እጅ ሲገናኙ ምን ዓይነት ሥራ ይወጣል? የሜክሲኮ ሸክላ ሠሪዎች የአገራቸውን ጭፈራ በጭቃ ቀርፀው፣ ቀለም ቀብተው የሚያቀርቧቸውን ምስሎች ለሚመረምር ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ተመልካች ግን በቀለሙ ድምቀት ተማርኮ «እንዴት ያምራል!» ብሎ ያልፋል። ማማሩን አንክድም፤ ነገር ግን ማማር ብቻውን የጥበብ ሚዛን ሊሆን አይችልም።

በደቡብ ሜክሲኮ፣ በኦአካካ ግዛት፣ ኦኮትላን የምትባል ከተማ በዚህ ሙያ የታወቀች ናት። ሸክላ ሠሪዋ ኢሳውራ አልካንታራ ዲያስ (1924–1968 እ.ኤ.አ.) ጥበባቸውን ለሴቶች ልጆቻቸው ለጊየርሚና፣ ለሆሴፊና፣ ለኢሬኔና ለኮንሴፕሲዮን አወረሱ፤ የልጆቹም ስም ከአገራቸው ወሰን አልፎ ተሰማ። በዚያ ጭቃው በእጅ ይቀረፃል፤ በዝግታ ይደርቃል፤ በእሳት ይጠበሳል፤ ቀለሙም የሚቀባው ምስሉ ከእሳት ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

የሥራው ጭንቅ ከቀለሙ በፊት ይጀምራል። ጨፋሪ አንድ እግሩን ቢያነሣ ጡንቻው ይሸከመዋል። እርጥብ ጭቃ ግን ጡንቻ የለውም፤ ቢቀጥን ይጎብጣል፣ ቢወፍር በእሳት ውስጥ ይሰነጠቃል። ብልኅ ሠሪ መፍትሔውን ከጭፈራው ከራሱ ያገኘዋል። ሃራቤ ታፓቲዮ በተባለው የሃሊስኮ ጭፈራ ሴቲቱ ሰፊ ቀሚሷን እየወዘወዘች ወንዱ መሬት ላይ በጣለው ባርኔጣ ዙሪያ ትዞራለች። ቀሚሱ በሸክላ ሲሠራ ውስጡ ክፍት ሆኖ እንደ ደወል ይሰፋና ደረቷንና ክንዷን ይሸከማል፤ እጥፋቱም ወዴት እንደ ዞረች ይናገራል። ምስሉን ያቆመውና ያስጨፈረው አንድ ነገር ነው።

በሚቾአካን ግዛት የሚኖሩት የፑሬፔቻ ሕዝብ ደግሞ የሽማግሌዎች ጭፈራ አላቸው። ጨፋሪዎቹ የሽማግሌ ጭምብል አጥልቀው፣ ከዘራ ተደግፈው እየተንቀጠቀጡ ይመጡና ድንገት መሬቱን በእግራቸው ይደበድቡታል። ለቀልድ የተያዘው ከዘራ በሸክላው ዘንድ እውነተኛ ምርኩዝ ይሆናል፤ ሦስተኛ እግር ሆኖ ምስሉን ከመውደቅ ያድነዋልና።

ለጎብኚ ተብለው በብዛት የሚወጡት ምስሎች ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ብልኀት የራቁ ናቸው። ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ፈገግታቸው አንድ ዓይነት ነው፤ በቀሚሱ ላይ የተሣለው አበባም እጥፋቱን ሳይከተል እንደ ማኅተም ይደረደራል። እንዲህ ያለው ሠሪ የጨፋሪዋን ልብስ እንጂ ጭፈራዋን አልቀረፀም።

«ባህሉን እንዳለ መጠበቃችን ነው» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ይህ ግን አያዋጣም። በኦአካካ የጌላጌትሳ በዓል ሴቶች አናናስ በትከሻቸው ተሸክመው የሚጨፍሩት «የአናናስ አበባ» የተሰኘው ጭፈራ በ1958 እ.ኤ.አ. በመምህርት ፓውሊና ሶሊስ ኦካምፖ የተቀናበረ ነው፤ ዛሬም ከበዓሉ ዋና ዋና ጭፈራዎች አንዱ ሆኖ ይታያል። ጭፈራው ራሱ አዲስ ነገር ለመውለድ ካልፈራ፣ ሸክላው መገልበጥን ብቻ ባህል ብሎ ሊጠራ አይገባውም።

ወቀሳው በሠሪው ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። ሠሪው እንጀራ ይፈልጋል፤ ገዢ የወደደውን ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል። ገዢው ለድምቀት ብቻ ገንዘቡን ከከፈለ፣ ቀሚሱን በእጥፋቱ ለማስጨፈር ቀናት የምትደክመው ሠሪ ድካሟ ከንቱ ይሆናል፤ ልጇም ያን ብልኀት ለመማር ምክንያት አያገኝም።

ስለዚህ ተመልካች አንዲት ቀላል መመዘኛ ይያዝ፦ ቀለሙን በሐሳቡ ይግፈፈውና ጥሬውን ሸክላ ይመልከት። ያን ጊዜም የሚጨፍር ከሆነ፣ ቀለሙ የደስታው ጌጥ ነው፤ የማይጨፍር ከሆነ ግን ቀለሙ የጉድለቱ መሸፈኛ ነው።