ፊኛ የተሸከመችው የከሰል ጀልባ

ይህን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳላወራ ማደር አቅቶኛል! አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ሲባል ተራራ የሚያክል ብረት ነው የሚታየን። የዘር ሐረጉን ወደ ኋላ ስትቆጥሩ ግን ሞተርም ሸራም ወደሌላት አንዲት የድንጋይ ከሰል ማመላለሻ ጀልባ ትደርሳላችሁ። የተገዛችው በ150 ዶላር ነው!

ዘመኑ 1861 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። የደቡቡ ጦር በቨርጂኒያ በኩል ባለው የፖቶማክ ወንዝ ዳርቻ መድፍ ጠምዶ ወደ ዋሽንግተን የሚያስገባውን የውኃ መንገድ አስጨንቆታል። ከዛፉ ጀርባ ያለውን ማን ይይ? እዚህ ላይ ታዴየስ ሎው ይመጣል። በዚያው ዓመት ጁን ወር በፊኛ ወጥቶ፣ ሽቦ ከቅርጫቱ ወደ ምድር አስዘርግቶ፣ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ከሰማይ ቴሌግራም የላከ ሰው ነው።

የተነፋ ፊኛ በየብስ ማጓጓዝ መከራ ነው፤ ዛፉም ነፋሱም ጠላቱ ነው። ወንዝ ላይ ግን ምን ያግደዋል? 37 ሜትር ገደማ የምትረዝመው ጀልባ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ፣ በዋሽንግተን የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ ገብታ ላይዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደልድሎ ወጣች። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ጋዙን እዚያው ማምረቷ ነው! በእንጨት ታንክ የብረት ብናኝ ይደረጋል፤ ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመርበት እየተፍለቀለቀ ሃይድሮጂን ይለቃል፤ ጋዙ በቱቦ ሄዶ ይቀዘቅዛል፣ በኖራ ይጣራል፣ ከዚያ የሐሩን ፊኛ ይነፋዋል። ተንሳፋፊ ፋብሪካ በሉት።

እሑድ ኖቬምበር 10 ማለዳ ኩር ደ ሊዮን የምትባል የእንፋሎት መርከብ እየጎተተች ወሰደቻት። በማግስቱ ከማታዎማን ወንዝ አፍ ላይ ሎው ጄኔራል ዳንኤል ሲክልስን አሳፍሮ ወጣ። ማዶው 3 ማይል ያህል ይርቃል። ሲመሽ የጠላት ሰፈር እሳት ወለል ብሎ ታየ፤ ፍሪስቶን ፖይንት ላይ አዲስ የመድፍ ምሽግ ሲሠራም ታየ!

ለእውነቱ፣ ከመርከብ ላይ በፊኛ በመውጣት ጆን ላማውንቴን ይቀድማል፤ ኦገስት 3 ቀን ከፋኒ መርከብ ተነስቷል። ለፊኛ ተብላ የተዘጋጀችው ግን ከስቲስ ናት። ደቡቦቹም ዝም አላሉም፤ ከቀሚስ ሐር ባለ ብዙ ቀለም ፊኛ ሰፍተው ቲዘር በምትባል መርከብ ጄምስ ወንዝ ላይ ይዘውት ወረዱ። ጁላይ 4 ቀን 1862 መርከቧ ከነፊኛዋ ተማረከች።

ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖቼ! ፍሪስቶን ፖይንት እኮ ዛሬ ዉድብሪጅ አጠገብ ባለው ሊሲልቫኒያ ፓርክ ውስጥ ነው። የምሽጉ አፈር አሁንም አለ፤ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ!