የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና፥ ዕርጅናና የልብ ቫልቭ

በ1938 ዓ.ም. በሮማ የተጀመረው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምና የመርሳት በሽታ ያመጣል የሚለው ሥጋት ዛሬም አልጠፋም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። በ2018 ዓ.ም. የታተመው የዴንማርክ ጥናት ከ168,015 የስሜት ሕመምተኞች መካከል ንዝረቱን ያገኙትን 5,901 ሰዎች ከሌሎቹ ጋራ አስተያይቶ ሥጋቱን የሚደግፍ ነገር አላገኘም። ከ70 ዓመት በላይ በሆኑት ዘንድ እንዲያውም በሽታው አነስ ብሎ ታየ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባናል፤ ንዝረቱ ሽማግሌን ከመርሳት ይጠብቃል ማለት አይደለም። ሐኪሙ ልቡ የደከመውንና አእምሮው መዛል የጀመረውን አስቀድሞ ይለያልና፥ የታከመው ቀድሞውኑ ጤናው የተሻለው ሊሆን ይችላል።

የታለፉትስ? በከባድ ትካዜ እህል ውሃ የተወ ሽማግሌ ሕክምናውን ቢከለከልም ለሞት ይቀርባል። ንዝረቱ ሲሰጥ ልብ መጀመሪያ ዝግ ይላል፤ ወዲያው የደም ግፊቱና ትርታው ያሻቅባል። ከልብ ወደ ታላቁ ደም ሥር የሚያሳልፈው ቫልቭ ለጠበበበት ሰው ይህ አስጊ ነው። የአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች በ2007 ዓ.ም. እንደ ጻፉት፥ ቫልቫቸው ክፉኛ የጠበበ 10 በሽተኞች 136 ጊዜ ታክመው በሕክምናው የሞተ አልነበረም። ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን 10 ሰው ለደንብ አይበቃም። በአገራችን ደግሞ ቫልቭ የሚበላሸው በአብዛኛው ከሩማቲክ ትኩሳት የተነሣ ገና በወጣትነት ስለሆነ፥ የማዮ ውጤት ስለነዚህ የሚነግረን ነገር የለም።