ወጡን ተምሮ ማዕዱን መሸሽ

የሰው ልጅ የሌላውን ወገን ቋንቋ ከመጽሐፍ ሊማር ይችላል። የወጡን አሠራር በሚገባ የሚማረው ግን ከጓዳው ገብቶ ነው። ጓዳ የቤት ምስጢር ስለ ሆነ፥ ወደዚያ ያስገባን ሰው ከዕውቀት የሚበልጥ ነገር ሰጥቶናል። ይህ ስጦታ ምን ዕዳ እንደሚያስከትል ለመመርመር የሕንድ አገር መልካም ምሳሌ ይሆነናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቦምቤ የተወለዱት የኅብረተ ሰብ ሊቅ አርጁን አፓዱራይ፥ በ1988 ዓ.ም. ስለ ሕንድ የወጥ ቤት መጻሕፍት አንድ የታወቀ ጥናት አሳትመዋል። የጥናቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ከየአውራጃው መጥተው በትልልቅ ከተሞች ጎረቤት የሆኑ መካከለኛ ኑሮ ያላቸው ሴቶች፥ አንዷ ከሌላዋ የአገሯን ወጥ ይማማራሉ። በቃል የተጀመረው ልውውጥ ኋላ በእንግሊዝኛ በተጻፉ መጻሕፍት ተሰበሰበ፤ እንዲህም እያለ «የሕንድ ምግብ» የሚባለው ሐሳብ እየተገነባ ሄደ።

ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም። የቤንጋል ሴት ከሙን፥ ጥቁር አዝሙድ፥ አብሽ፥ እንስላልና ሰናፍጭ አቀላቅላ ሳትፈጫቸው በጋለ የሰናፍጭ ዘይት ላይ ትጥላቸዋለች። ቅመሞቹ ለእኛም ቤት እንግዳ አይደሉም፤ አያያዙ ግን ሌላ ነው። የታሚል ሴት የእርግብ አተር ክኳን ሁመር በሚባለው ፍሬ ታኮመጥጠዋለች፤ የጉጅራት ሴት ደግሞ በዚያው ክክ ላይ ጥሬ የሸንኮራ ስኳር ትጨምርበታለች። ዘሮቹ ሲንጣጡ በየትኛው ድምፅ ላይ ድስቱን ከእሳት ማውጣት እንደሚገባ የሚያስተምረው ግን አጠገብ የቆመ ሰው ነው።

መጽሐፍም ቢሆን መልካምነት የሚኖረው የማን ጓዳ እንደ ሆነ ሲያውቅ ነው። ወይዘሮ ሚናክሺ አማል በ1951 ዓ.ም. በታሚል ቋንቋ ያሳተሙት መጽሐፍ፥ ስሙ ሲተረጐም «አብስለሽ እዪ» ማለት ነው። የአንድ ወገን ይኸውም የታሚል ብራህሚኖች የቤት ምግብ በጥንቃቄ ተመጥኖ ይገኝበታል። የሕንድን ሁሉ አፍ ሆኖ ልናገር አለማለቱ ክብሩ ነው።

ዳሩ ግን የአፓዱራይ ጥናት ዓይኑን የጣለው በከተማ መካከለኛ ቤተ ሰቦች ላይ ስለ ሆነ፥ ልውውጡ በእኩዮች መካከል የቆመ መሆኑን አንባቢ ራሱ ሊያስተውል ይገባዋል። በሕንድ አገር ሰው ከማን ጋር እንደሚበላና ከማን እጅ ውሃ እንደሚቀበል ለብዙ ዘመን የወሰነው ትውልዱ ነው። የ1950 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ሰውን «አይነኬ» ማለትን ቢሽረውም፥ ልማዱ ከየጓዳው ፈጽሞ አልወጣም። ታዲያ ከላይ ሆኖ የሚንቀው ሰው ከዚያ ጓዳ ምን ሊማር ይችላል?

ለዚህ ጥያቄ የሻሁ ፓቶሌ መጽሐፍ መልስ ይሰጣል። ይህ በ2015 ዓ.ም. በማራቲ ታትሞ በ2024 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ መጽሐፍ፥ በማራትዋዳ አውራጃ የሚኖሩትን የማሃርና የማንግ ወገኖች ምግብ ይገልጻል፤ ይኸውም በጥቂት ዘይት የሚሠራ ወጥ፥ ቋንጣ፥ ከከብት ደም የሚዘጋጅ ምግብ ነው። «ምግብ ፍጹም መለኮት ነው» የሚለውን የማራቲ አባባል ደራሲው ገልብጠው «ምግብ ያልተሟላ መለኮት ነው» ሲሉ መጽሐፋቸውን ሰየሙት። የጎደለው ቅመም አይደለም፤ የጎደለው ወንበር ነው።

ይህንን ጉድለት አስቀድሞ ያየው የኬራላው ሳሆዳራን አያፓን ነበር። በ1917 ዓ.ም. በቼራይ መንደር የእርሱ ወገን የሆኑትን ኤዝሃቫዎችና ከእነርሱ በታች ይቈጠሩ የነበሩትን ፑላያዎች በአንድ ማዕድ አስቀመጠ። የገዛ ወገኖቹ አወገዙት፤ «ፑላያው አያፓን» እያሉም ሰደቡት። እርሱ ግን ስድቡን እንደ ክብር ስም ተቀበለው። በዚያ ቀን የተገኘው ትምህርት ስለ አዲስ ወጥ አልነበረም፤ በአንድነት ስለ መብላት ነበር።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ የሌላውን ወገን ምግብ ማወቅ የሚያኮራ ዕውቀት ነው፤ ሆኖም ወጡን ወስዶ ያስተማረችውን ሴት ከደጅ መመለስ ከስርቆት አይለይም። የምግብ መጽሐፍ ስታነቡ መጠኑን ብቻ አትመርምሩ። ይህን ድስት ያማሰለችው እጅ የማን ናት? በጸሐፊውስ ቤት ከማዕዱ ቀርባ ትቈርሳለችን? ብላችሁ ጠይቁ። መጽሐፉ ለዚህ መልስ ካጣ፥ ወጡ ቢጣፍጥም ትምህርቱ ገና ጥሬ ነው።