ደም ወይስ ትምህርት?

«ጥቁር ሲፈጠር ዳንሰኛ ነው» የሚል አባባል አለ። ላይ ላዩን ሲሰሙት ምስጋና ይመስላል። ቀርበው ሲመረምሩት ግን ንጥቂያ ነው፤ ሰው የደከመበትን ሙያ ከእጁ ወስዶ ለደሙ ይሰጠዋልና። የጥቁር አሜሪካውያንን የመድረክ ውዝዋዜ ታሪክ ስናነሳ በመጀመሪያ መፍረስ ያለበት ይኸው አባባል ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ካትሪን ደንሃም (1909–2006) በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ነበረች። በ1935 የጥናት ገንዘብ አግኝታ ወደ ጃማይካ፣ ማርቲኒክ፣ ትሪኒዳድና ሃይቲ ተጓዘች። እንደ ተመራማሪ ትጽፋለች፤ እንደ ዳንሰኛ ደግሞ ከባላገሩ ጋር አብራ ትጨፍራለች። ከዚያ ያመጣችውን ከባሌና ከዘመናዊ ዳንስ ጋር አዋህዳ ትከሻ፣ ደረትና ዳሌ በከበሮው ምት እየብቻቸው የሚንቀሳቀሱበትን የራሷን የሥልጠና ዘዴ ፈጠረች። በ1940ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ በከፈተችው ትምህርት ቤት ከተማሩት አንዱ ማርሎን ብራንዶ ነበር። ነገሩ የደም ከሆነ ብራንዶ ምን ሊማር ሄደ?

ፐርል ፕራይመስም (1919–1994) እንዲሁ ናት። ትሪኒዳድ ተወልዳ ኒውዮርክ ያደገችው ይህች ሴት በባዮሎጂ ተመርቃለች። በ1944 ወደ ደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ወርዳ ከጥጥ ለቃሚዎች ጋር ኖረች፤ በ1948 ደግሞ ለጥናት ወደ አፍሪካ ተሻገረች። ተመልካች ዝላይዋን አይቶ «ተፈጥሮ ነው» ሲል፣ እርሷ ግን የምትዘለው ያጠናችውን ነበር።

ደንሃምን ብቻ እያወደስን አንለፍ። ትርዒቶቿ በላባና በጌጥ የደመቁ፣ ገበያ የሚስቡ ነበሩ። ያ ድምቀት ልትሽረው የተነሳችውን አባባል አንዳንዴ እንደ መገበው መካድ አይቻልም። ቡድኗን የምታኖረው ግን ከቲኬት ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ ነበርና ፍርዳችን ይህንንም ይመዝን።

ጌጡ ሁሉ ምን ደብቆ እንደ ኖረ የሚያሳየው «ሳውዝላንድ» የተባለው ሥራዋ ነው። አንዲት ነጭ ሴት ፍቅረኛዋ ይደበድባታል። ሊረዳት የቀረበውን ጥቁር ሰው በሐሰት ትከሰዋለች፤ ሰውየውም በመንጋ ፍርድ ይሰቀላል። ደንሃም ይህን በ1951 ሳንቲያጎ ቺሌ ውስጥ፣ በ1953 ደግሞ ፓሪስ ላይ አሳየች። የአገሯን ገመና ባዕድ አገር አውጥታለችና የአሜሪካ ባለሥልጣናት አልወደዱላትም። ከ1954 ጀምሮ መንግሥት የዳንስ ቡድኖችን በራሱ ወጪ ወደ ውጭ ሲልክ የእርሷ ቡድን አልተላከም። ያስተዋለ ሰው ተቃርኖውን ያያል፤ ዳንሷ የደም ግንፍላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር? የተፈራው ሐሳብ ስለ ነበረው ነው።

በ1962 በመንግሥት ድጋፍ ወደ እስያ ከተላኩት አንዱ አልቪን ኤይሊ (1931–1989) ነው። በልጅነቱ ሎስ አንጀለስ ላይ የደንሃምን ቡድን አይቶ ተማርኳል። በ1958 የራሱን ቡድን መሠረተ፤ በ1960 በጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙሮች ላይ የተመሠረተውን «ሬቨሌሽንስ» አቀረበ። ኤይሊ ሥራውን «የደም ትዝታ» ይለው ነበር። ታዲያ ደም ያሉት ሰዎች ልክ ነበሩ ማለት ነው? አይደለም። ኤይሊ ደም ያለው በቴክሳስ ቤተ ክርስቲያን በልጅ ዓይኑ ያየውን ነው። ያንን ወደ መድረክ ያወጣበትን ስልት ደግሞ ጥቁርና ነጭን አብሮ ያስተምር ከነበረው ከነጩ መምህር ከሌስተር ሆርተን ቀስሟል። ትዝታው የራሱ ነው፤ ሙያው የትምህርት ነው።

በ1987 የኤይሊ ቡድን የደንሃምን ሥራዎች እንደገና መድረክ ላይ ሲያወጣ፣ ሰባዎቹን ልትጨርስ የተቃረበችው ደንሃም ራሷ መጥታ ወጣቶቹን አሠለጠነች። በጥቁሮች ቡድን ውስጥ ያሉ፣ የታወቁ ዳንሰኞች ነበሩ። ይሁንና እንቅስቃሴውን አንድ በአንድ መማር ነበረባቸው። ደም ሳይጠሩት ይወረሳል። ዳንስ ግን የሚያስተምር ሰው ካጣ በአንድ ትውልድ ይቀበራል።