ከጎረቤቱ ኋላ ስለሚቆመው መድፍ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ጨዋታን የሥራ ፈት ነገር ነው ብለህ ብትንቀው አልወቅስህም፤ እኔም እንደዚሁ አስብ ነበርና። ነገር ግን የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፥ እስኪ አንድ ጊዜ ይሞክሩት» ብሎ ፓንዘር ጄኔራል የተባለውን፥ በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣውን የኮምፒዩተር ጨዋታ አስተማረኝ። ይኸውም እንደ ሰንጠረዥ በየተራ የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነው።

በመጀመሪያው ቀን መድፌን ከሁሉ የሚበልጥ መሣሪያ መስሎኝ በግንባር አቆምሁት። የጠላት ታንክ መጥቶ ሰባበረው። ልጁም ሳቅ ብሎ «መድፍ ከእግረኛ ኋላ ነው የሚቆመው» አለኝ።

ምክንያቱም ይህ ነው። መድፍ ብቻውን ሲያጠቁት ደካማ ነው። ነገር ግን ከእግረኛው አጠገብ ባለው ቦታ ያቆሙት እንደሆነ፥ ጠላት በራሱ ተራ በእግረኛው ላይ ሲመጣ መድፉ ተራውን ሳይጠብቅ፥ አዛዡም ሳያዘው፥ ቀድሞ ይተኩሳል። ከአጥቂው ወገን አንዳንዱ ይወድቃል፤ አንዳንዱም ባይሞት እንኳ ደንግጦ በዚያ ውጊያ መተኮስ ያቅተዋል። እግረኛው እንግዲህ የሚገጥመው የተዳከመ ጠላት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ጥይቱ የተቆጠረ ነው። ለጎረቤት የተተኮሰውም ከዚያው ይቀነሳል፤ ሲያልቅ መድፉ ዝም ብሎ ያያል። ብልኅ ተጋጣሚም ይህን ዐውቆ ደካማ ጭፍሮቹን አስቀድሞ በመላክ ሊያስጨርሰው ይችላል። ጥይት ለመሙላት ደግሞ በዚያ ተራ ሳይንቀሳቀሱና ሳይተኩሱ መዋል ግድ ነው። ስለዚህ በራሱ ተራ ጥይቱን ሁሉ ለማጥቃት የጨረሰ ሰው፥ በክፉ ቀን ወዳጁን የሚረዳበት ያጣል። እኔ ይህን ሕግ ከብዙ ምክር የሚበልጥ ሆኖ አገኘሁት፤ የሠሩትንም ሰዎች አመሰግናለሁ።

ነገር ግን ምስጋናዬ ሙሉ አይደለም። በዋናው ዘመቻ ተጫዋቹ የጀርመን ጄኔራል ሆኖ በ1939 እ.ኤ.አ. ፖላንድን በመውረር ይጀምራል። ከተማ በያዘ ቁጥር ክብር የሚባል ነጥብ ይሰጠዋል፤ በዚያም አዲስ ጦር ይገዛል። ያ መድፍ እንግዲህ ጎረቤቱን የሚከላከለው ጎረቤቱ የሰው አገር ሲወር ነው። በእውነተኛው ታሪክ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ዋርሶ በመድፍና በአውሮፕላን ስትደበደብ ብዙ ሺሕ ሰላማውያን ሰዎች አልቀዋል። በጨዋታው ሜዳ ላይ ግን ከነዚህ አንዱ እንኳ አይታይም።

ልጁን «በዚህ ከተማ ውስጥ ማን ይኖራል?» ብዬ ጠየቅሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «እንጃ ጋሼ፥ አስቤው አላውቅም» አለኝ። እኔም ብሆን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላሰብሁትም፤ ሦስት ከተማ ይዤ ደስ ብሎኝ ነበርና።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ተጫወትም አትጫወትም አልልህም። ከዚያ መድፍ ግን ሁለት ነገር ተማር። ለወዳጅህ ክፉ ቀን የሚሆን ጥይት አስቀርለት፤ ከዚያ በፊት ግን ወዳጅህን ወዴት እንደሚሄድ ጠይቀው። መርዳት በጎ ምግባር የሚሆነው የምንረዳው ሰው በጎ መንገድ የያዘ እንደሆነ ነውና።