ነገር ከሥሩ

ክረምት ሲገባ ወደ ቢሮ የሚመጣ ገበሬ ብዙውን ጊዜ ከእጁ ፌስታል አይጠፋም። በፌስታሉ ውስጥ የጠወለገ ቢጫ ቅጠል አለ። «ቢጫ ሆነብኝ፣ ማደግም እምቢ አለኝ። ዩሪያ ልጨምርበት?» ይላል። ሕመሙንም መድኃኒቱንም ይዞ ነው የመጣው፤ ከኔ የሚፈልገው አዎንታ ብቻ ነው። በከሚሴ ዙሪያ፣ በደዋ ጨፋም ይሁን በአርጡማ ፉርሲ፣ የሰብል ጥበቃ ሥራዬ አብዛኛው ያንን አዎንታ ማዘግየት ነው። ማዳበሪያ ዛሬ በዋዛ የሚበተን ነገር አይደለም።

የተቀነጠሰ ቅጠል ከአገዳው ከየት እንደተነሳ አይናገርም፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ማወቅ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ማሽላ ናይትሮጂን ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ ቢጫው ከታች ይጀምራል፤ ከቅጠሉ ጫፍ ተነስቶ የመሃሉን ጅማት ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ብረትና ድኝ ግን እንዲህ እንደልብ አይዘዋወሩም። እነሱ ሲጎድሉ የሚገረጣው ለጋው፣ የላይኛው ቅጠል ነው፤ በብረት እጥረት ደግሞ ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ መሃል መሃሉ ይነጣል። ፎስፈረስ ያጣ ቡቃያ ቢጫ ከመሆን ይልቅ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ይቀጭጫል። የፖታሲየም እጥረት የአሮጌውን ቅጠል ዳር ያሳርረዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአፈር መረጃ ሥራ ድኝ በብዙ የአገራችን ማሳዎች እንደሚጎድል ካሳየ ወዲህ በዳፕ ማዳበሪያ ፋንታ ከመቶ 19 እጅ ናይትሮጂን፣ 38 እጅ ፎስፌት፣ 7 እጅ ድኝ የያዘው ኤንፒኤስ መጥቶ ነበር። ዩሪያ ግን ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጂን ነው፤ ድኝ የለውም። ላዩ የገረጣ ማሽላ ላይ ዩሪያ ብቻ መበተን የጎደለውን ትቶ ሌላውን መሙላት ነው።

ከቅጠሉ ቀጥሎ የማየው የማሳውን መልክ ነው። ማሳው ሙሉ በሙሉ እኩል ከገረጣ አፈሩን ወይም ዘሩን እጠረጥራለሁ። ቢጫው ዝቅ ያለውን ቦታ ተከትሎ ከሄደ ግን ነገሩ ውሃ ነው። ቦርከና በሚያቋርጠው በጨፋ ሜዳ ዋልካው ክረምት ላይ ውሃ ቋጥሮ ይይዛል፤ ሥሩ አየር ሲያጣ ምግብ አጠገቡ እያለ መሳብ ያቅተዋል። እዚያ ላይ ማዳበሪያ ከመጨመር ቦይ መቅደድ ይሻላል። ማሾ ደግሞ ውሃ የቋጠረ መሬት ጨርሶ አይወድም። የገረጣ ማሾ ሲገጥመኝ ከነሥሩ በቀስታ ነቅዬ እንቡጥ የመሰሉትን የሥር አንጓዎች በጥፍሬ እሰነጥቃለሁ። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ናይትሮጂን እየሠሩ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሥራ ላይ አይደሉም።

ዋናው አሳሳች ግን አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ነው።

ዝናቡ ጥሩ ነው፣ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ማሽላው ግን ቀትር ላይ ድርቅ እንደመታው ይጠወልጋል። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል፤ ሽልሻሎ ሲደርስ ጎረቤቱ ጉልበት አልፎ እሱ እዚያው ነው። ወይን ጠጅ መልክ ያለው አበባ መሬት ላይ እስኪታይ ድረስ የሚጠረጥረው የለም። አቀንጭራው ግን ብቅ ከማለቱ በፊት ለሳምንታት ከመሬት በታች ሥሩ ላይ ተጣብቆ ሲመጠምጥ ቆይቷል። ስለዚህ ዶማና ባልዲ ውሃ እፈልጋለሁ። ማሽላውን በዶማ ቆፍሮ ከነአፈሩ ማንሳት፣ ባልዲው ውስጥ መዘፍዘፍ፣ አፈሩ በራሱ ጊዜ እስኪለቅ መጠበቅ ነው። መሳብ የለም፤ ከተሳበ ማስረጃው ይበጠሳል። አፈሩ ሲወርድ ከማሽላው ሥር ላይ ነጣ ያለ፣ ቅርፊት መሳይ ቅጠል ያለው ለስላሳ ቡቃያ ተጣብቆ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ክርክር የለም።

የአቀንጭራ ዘር እንደ ብናኝ ደቃቅ ነው። አንድ ተክል በአስር ሺዎች ይዘራል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአስር ዓመት በላይ ሊተኛ ይችላል። የሚቀሰቅሰው የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው። ማሽላው ይህን የሚለቀው በመሠረቱ ፎስፈረስ የሚያቀብሉትን ፈንገሶች ለመጥራት ነው፤ አፈሩ ሲደኸይ ጥሪውን ያበዛል፤ ጥሪውን አቀንጭራም ይሰማል። ስለዚህ ዩሪያ የሚጠይቀኝ ገበሬ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ለም አፈር ላይ አቀንጭራ ይዳከማል። ግን ሥሩ ከተያዘ በኋላ የሚበተን ማዳበሪያ ዘግይቷል።

በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም ምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የሄዱበት መንገድ ይኸው ጥሪ ነው፤ ጥሪውን በጣም ጥቂት አድርጎ የሚለቅ ማሽላ መምረጥ። ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ውጤት ናቸው። ቶሎ ይደርሳሉ፣ አቀንጭራን ይቋቋማሉ፤ ቁመታቸው ግን አጭር ነው። ወረቀት ላይ ይህ እንከን አይመስልም። እዚህ አገር ግን አገዳ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው። ገበሬው አጭር ማሽላ ሲንቅ ኋላ ቀር ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ሒሳቡን ከእነሱ አሟልቶ የሠራው እሱ ይመስለኛል።

ከገበሬው ጋር ያልተስማማነው ነቀላው ላይ ነው። አቀንጭራ ሳያብብ ይነቀል፤ ካበበ ደግሞ ዳር ላይ አይጣል፣ ይቃጠል እላለሁ። «ልጄ፣ ዘንድሮ ምን ይፈይድልኛል?» አሉኝ አንድ አባት፣ ጀርባቸውን እንደያዙ።

«ለዘንድሮው እምብዛም አይፈይድም፣ አባባ።»

ዝም ብለው አዩኝና የተያዘውን ቦታ ዙሪያውን ድንጋይ ያስቀምጡበት ጀመር። በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ላይ ማሽላ ሳይሆን ማሾ እንዲዘሩ ተነጋገርን፤ ይህ አቀንጭራ የሚጣበቀው የብርዕና የአገዳ ሰብል ላይ ስለሆነ ማሾ ላይ የሚያገኘው ነገር የለም። የማሾውን ዘር ከየት እንደሚያገኙ ግን እስካሁን አልጨረስንም።